ያ አሜን የእኔ አልነበረም

ውድ ጉተማ፣

መልእክትህን ኮከብ ነገረችኝ። በምስጋናው ቀን እንደገና መድረክ ላይ እንድወጣ፣ መኪና እንደምትልክልኝ፣ ሱፌን እንድለብስ። «ወንድም ጉተማ እኮ አልረሳህም» አለችኝ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። መልሱን በአፌ ብነግርህ ደስ ባለኝ። መጻፉ ከንግግሩ ቀድሞ ተመልሶልኛል፣ እሱም በግራ እጄ፣ እያረፍኩ ነው። ፊደሎቼ ተንሻፍፈዋል። ሐሳቤ ግን አልተንሻፈፈም፤ ያኔም አልተንሻፈፈም ነበር። ይህን ከማንም በላይ አንተ ታውቃለህ። የምጽፍልህም ስለዚሁ ነው።

አበባ ጎመኑን መቼም አትረሳውም። አሥራ አንደኛ ክፍሎች የአንጎል ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ ከኮልፌ ገበያ ትልቁን መርጠህ ትገዛና ጠረጴዛው ላይ ከመሀል ትሰነጥቀዋለህ። ግራው ቀኝ እጅን ያዛል፣ ቀኙ ግራ እጅን፤ የኋለኛው ያያል፤ ከሥር ያለችው ትንሿ ሚዛን ትጠብቃለች፣ ሰካራም የሚንገዳገደው እሷ ስትሰክር ነው ስትል ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ደወል ሲደወል የተሰነጠቀውን አንጎል በፌስታል ጠቅልለህ ለእኔ ታቀብለኛለህ። «ለሚስትህ ለኮከብ ስጣት፣ ከካሮት ጋር ትሥራልህ። ምናልባት አንተም አንጎል ታወጣ ይሆናል።» ሃያ ዓመት በአንድ የመምህራን ክፍል እንዲህ ስንሰዳደብ ኖርን።

ወልደ አማኑኤልንም አልረሳኸውም። የትምህርት ቤታችን ዘበኛ፣ ስትሮክ ከመታው በኋላ የገዛ ልጁን ስም መጥራት ያቃተው። ውሃ ሲጠማው በጣቱ ያመለክት ነበር። አቡነ ዘበሰማያትን ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳያዛንፍ ይደግማል። ሰው ሁሉ ተአምር ነው ሲል ለተማሪዎቹ ያስረዳሃቸው አንተ ነህ። አዲስ ዓረፍተ ነገር ማዋቀር በአብዛኛው ሰው የግራው አንጎል ሥራ ነው፤ ከልጅነት የተሸመደደ ጸሎት፣ መዝሙርና ስድብ ግን ሌላ መንገድ አላቸው፤ ዋናው ሲዘጋ በዚያ ሾልከው ይወጣሉ አልካቸው። ቀጥለህም «ጸለየ ማለት ዳነ ማለት አይደለም። አይናገርም ማለትም አይሰማም ማለት አይደለም፤ እንደሌለ ቆጥራችሁ ፊቱ ስለ እሱ አታውሩ» አልክ። ከኋላ ወንበር ተቀምጬ እሰማህ ነበር። ኮራሁብህ።

ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ። ቀኝ እጄና አንደበቴ በአንድ ጠዋት ሄዱ። ሆስፒታል የንግግር ሕክምና ስጀምር ባለሙያዋ ለኮከብ አጥብቃ የነገረቻት፣ የመጀመሪያዎቹ ወራት እንዳያመልጡን ነው። አንተ ልትጠይቀኝ መጥተህ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠህ፣ እናቴ ትዘምረው የነበረውን መዝሙር አነሳህ። አብሬህ ዘመርኩ፣ ቃል ሳልስት። ኮከብ ጮኸች። አንተ ግን ትኩር ብለህ አየኸኝ። ወልደ አማኑኤል ትዝ ብሎት ነው፣ አሁን ያስረዳታል ብዬ ጠበቅሁ።

በእሑዱ፣ በምትሰብክበት ቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ አወጣኸኝ። መዝሙሩን አዘመርከኝ። ማይኩን አፌ ሥር ይዘህ «ጥሩነህ፣ ጌታ አንደበትህን ፈቷል ወይ?» አልከኝ። አይደለም ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው «አሜን» ነው። አዳራሹ ተናወጠ። ራሴን ነቀነቅሁ፣ አየኸኝ። ያን ጊዜ አቀፍከኝ። ጭንቅላቴን ከኋላ በመዳፍህ ይዘህ ትከሻህ ላይ ተጫንከው፣ እንዳይነቀነቅ። ከታች ለሚያይ ሰው ፍቅር ይመስል ነበር።

እስከዚያ ድረስ ያለውን ይቅር ልልህ ሞክሬአለሁ። የምትወደው ሰው እንዲድንልህ ስትመኝ ዓይንህ ቢታወር አልፈርድብህም። ግን ኮከብ በራችን ላይ፣ ሕክምናውን እንቀጥል ወይ ብላ ጠየቀችህ። የምታምነው አንተን ነበር። «እምነትሽን ለሁለት አትክፈዪው፣ ኮከቤ» አልካት። ሶፋው ላይ ተቀምጬ ሰማሁህ። እንደሌለሁ ቆጥረህ ፊቴ ስለ እኔ አወራህ።

ሕክምናው ቆመ። ልጄ ሩሃማ ከሐዋሳ መጥታ እየጎተተች እስክትመልሰኝ ድረስ ቆመ። ባለሙያዋ የት ጠፋችሁ ብላ ስትጠይቅ ኮከብ «ድኗል እኮ» አለቻትና እንዳረጋግጥላት ወደ እኔ ዞረች። «አሜን» አልኩ። ሴትየዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ያመለጡት ወራት ቀላል እንዳልነበሩ ከፊቷ አነበብኩ።

ኮከብ እስከ ዛሬ አልገባትም። ልጽፍላት እችል ነበር። ግን ካወቀች የመዳኛውን በር በገዛ እጄ ዘጋሁበት ትላለች፣ ራሷንም ይቅር አትልም። የዘጋኸው አንተ ነህ። ስለዚህ የምትነግራት አንተ ነህ፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ጭምር።

መኪና አትላክ። በታክሲ ና፣ እንደ ድሮው ፌርማታው ላይ ወርደህ በእግርህ ግባ። አበባ ጎመን ይዘህ ና። ኮከብ ፊት ከመሀል ሰንጥቀውና ለእነዚያ ልጆች እንዳስተማርካቸው አስተምራት። ከወልደ አማኑኤል ጀምር። በራችን ላይ ያልካትን ሳትናገር እንዳትነሣ።

እኔ አጠገባችሁ እቀመጣለሁ። ክረምቱን ሙሉ መስታወት ፊት ቆሜ አንድ ቃል ስለማመድ ከርሜአለሁ፤ አሁን ሳይሰበር ይወጣል። «አይደለም» ነው። ቃሉን ያዘጋጀሁት ለአንተ ነው። እውነቱን ከተናገርክ ሳልጠቀምበት ትሄዳለህ።

ስትገባም ስትወጣም ግን እንዳታቅፈኝ።

ጥሩነህ
ኮልፌ ቀራንዮ