በላሽ ወይ

ልጄ ቴሆ፣

ባለህበት ሰላምህ ይብዛ፤ የሰው አገር ብርድ አይድፈርህ። እኛ ደህና ነን። ጣሪያው ማፍሰሱን ትቷል። አባትህም ጉልበቱ ተሽሎት ሱቅ መዋል ጀምሯል።

የእህትህ የናሬ ነገር፣ ያው ምግብ መፍራቷ ማለቴ ነው፣ እንዳለ ነው። ሐኪም ቤት አልተኛችም፤ በየማክሰኞው አብረን ወደ ሥነ ልቦና ሐኪሟ እንመላለሳለን። ሐኪሟ መጀመሪያ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "እናቴ፣ ‘በላሽ ወይ’ የሚሏትን ይተዉ።"

"እሱ እኮ የኮሪያ ሰው ሰላምታ ነው! ጎረቤቴንስ ምን ልበላት?"

"ጎረቤትዎን ይበሏት። ናሬ ግን የፖሊስ ጥያቄ ነው የሚመስላት። ምግቡን ያቅርቡ፣ አጠገቧ ይቀመጡ፣ ሌላ ሌላ ያውሩ።"

እና እቀመጣለሁ። ሩዙንና ሾርባውን አቀርብና ስለ ጎረቤት ውሻ አወራለሁ። እሷ ሩዙን በቾፕስቲክ ታገላብጣለች፣ እኔ ግድግዳውን አያለሁ። ድሮ ማድ ቤት ገብቼ አለቅስ ነበር፤ አሁን እንባውም አይመጣም። ሳህን አጥባለሁ፣ እተኛለሁ፣ ይነጋል።

ትናንት ሾርባዋን አጋምሳ ቀና አለችና "እማ፣ አንቺስ በላሽ?" አለችኝ።

"ሐኪምሽ ይህን ጥያቄ ከልክላ የለ?"

"የከለከለችው አንቺን ነው።"

ሳየው ለካ ለራሴ አልጨለፍኩም። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነም አላስታውስም።

በል ልጄ፣ መንገድህ ይቅና፣ ክፉ አይንካህ። አንድ ነገር ላስቸግርህ፦ ስትደውል ናሬን በላሽ ወይ አትበላት። እኔን ጠይቀኝ።

እናትህ