እንቁላል የማይጠራቀምበት ቤት

የካቲት 24 ቀን 1973፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት

የጠዋቱ ቆጠራ፦ አንድ ቅቅል እንቁላል፣ አምስት ጉርሻ ቂጣ። ውኃ ገና ነው፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ። የበላሁት ሁሉ ረግቶ ተቀመጠ። የተመለሰ የለም።

የሱቁ በር ዝግ ነው። ሰው ሰም የምመዝን ይመስለዋል። ሁዳዴ ከገባ ሁለተኛ ቀኑ፤ ከተማው በሙሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል። እኔ ከማር ቆርቆሮዎቹ ጀርባ ቁጭ ብዬ እንቁላል እልጣለሁ። ላንተ ለደብተሩ እንኳ መጻፉ ያሳፍራል። ግን ላንተ ከዋሸሁ ለማን ነው የማልዋሸው?

ደሴ ሆዴን ከቀደዱኝ ሰባት ሳምንት ሆነኝ። የጨጓራዬ መውጫ በቁስል ጠቦ ነበር፤ ከሦስት እጅ ሁለቱን ቆርጠው አወጡት። የቀረው የሕፃን ጡጫ ያህላል አለኝ አስተርጓሚው፣ ጡጫውን ጨብጦ እያሳየኝ። የሱ ጡጫ የሕፃን አልነበረም። ሐኪሙ ትእዛዙን በጣቱ ቆጠረልኝ። በቀን ስድስት ጊዜ፣ ጥቂት ጥቂት። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ። ባዶ ሆድ ክልክል። ጣፋጭ ክልክል። ማር ነጋዴ መሆኔን ስነግረው ሳቀ። እኔም ልስቅ ስል ስፌቱ ያዘኝ።

ሆስፒታል ስገባ 82 ኪሎ። ዛሬ በሱቁ ባስኩላ 63። ቀሚሴ ሁለት ጊዜ ይዞረኛል።

የንስሐ አባቴ መምሬ አዲሱ ናቸው። ከደሴ እንደተመለስኩ ሄጄ ሁሉን ነገርኳቸው። ለበሽተኛ ጾም እንደሌለበት አስረዱኝ፤ ፈቀዱልኝ። ብቻ በርሽን ዝጊ አሉ። ዘጋሁ።

የካቲት 28፣ ቅዳሜ፣ ከገበያ በኋላ

እስከ ቀትር ሦስት ጊዜ በላሁ። ሦስቱንም ጎንበስ ብዬ፣ እንደ ሌባ።

ከፍላቂት በኩል የመጣ ገበሬ ሁለት ቆርቆሮ ነጭ ማር አወረደ። ዓይኑ በኔ ላይ አልፎ ወደ ጓዳ ሄደ፤ ባለቤቷ የለችም ወይ አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት። እህቷ ነሽ? አለ። ስድስት ዓመት ሙሉ ማሩን የገዛሁት ሰው ነው። ዋጋውን ስነግረው ግን ወዲያው አወቀኝ።

ማሩ ስኳር የተቀላቀለበት ስለመሰለኝ አንድ ማንኪያ ቀመስኩ፣ ዋጥኩ። ልማድ ነው። ብዙም አልቆየ፤ ልቤ ይደልቃል፣ ላብ በላብ፣ ዓይኔ ጨለመ። ቆርቆሮው ላይ ቁጭ አልኩና እስኪያልፍ ጠበቅኩ። ከእንግዲህ በጣት ጫፍ ቀምሶ መትፋት። ባለማሩ ፊት ማር መትፋት ስድብ ነው። ይሁን።

የቀበሌው ሊ/መንበር መጣ። ቁመቴን ወርዴን አየና፣ ቡርዧነት በቢላዋ እንደሚወጣ ቀድመን ብናውቅ ይህን ሁሉ ስብሰባ ባልተሰበሰብን አለ። ገበያተኛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እሱ ቀልዶ አለመሳቅ ሌላ ስብሰባ ያስጠራል።

መጋቢት 3፣ ሐሙስ

ቆጠራ፦ ስድስቱም ሞሉ። 62 ተኩል።

ደግ ወሬ። ጎረቤቴ አቶ ካሴ የልጄን የአስካለን ጉዳይ ይዞ የሚመላለሰው ሽማግሌ ነው። የእጮኛዋ አባት መሪጌታ ስመኝ ለመጋቢት 13 ከኩልመስክ መጥተው የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ ነው። ከፋሲካ በኋላ፣ በዳግም ትንሣኤ ማግሥት እናድርገው የሚል ሐሳብ አላቸው። ልጁ ዲያቆን ስለሆነ ጋብቻው በቁርባን ነው። እኛ አላገናኘናቸውም፤ መሠረተ ትምህርት ሲያስተምሩ ራሳቸው ተገናኙ። ሁለት ዓመት ቃል ጠብቀዋል።

አስካለ ዛሬ ጓዳ ውስጥ ስታንጎራጉር ሰማኋት። አባቷ ከሞተ ወዲህ አንጎራጉራ አታውቅም። አለባበሴን ግን ታያለች፤ ለሠርጉ ከውስጥ ሁለት ቀሚስ ደርቤ እንድለብስ መከረችኝ። ወፍራም እናት ታስፈልጋታለች። የከሳች እናት ለአማቾች ወሬ ናት።

መጋቢት 9፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 5 ሰዓት

ተያዝኩ።

የካሴ ሚስት ደስታ መጣች። ዶሮዋ ልትታቀፍ አኩርፋ ተቀምጣለች፤ ያለኝ አይበቃም፣ አሥር እንቁላል አበድሪኝ፣ ለፋሲካ እመልሳለሁ አለች። በሁዳዴ እንቁላል የሌለበት ክርስቲያን ቤት የለም። የሚበላው ስለሌለ በየጓዳው እህል ውስጥ ተቀብሮ ፋሲካን ይጠብቃል። እኔ አምስት የሚጥሉ ዶሮዎች አሉኝ። ይህን ሁሉ ዓመት የነገድኩ ሴት፣ በሩን ዘጋሁ እንጂ እንቁላሉ እንደሚቆጠር አላሰብኩም።

የለኝም አልኳት። አይጥ በላብኝ ልል ነበር፤ ዘገየሁ። እሷ ዶሮዎቹን አየች፣ እኔን አየች።

«ጥሩዬ፣ ዶሮዎችሽም ጾም ያዙ እንዴ?»

ሁለታችንም ሳቅን። በሩ ድረስ ሸኘኋት። ስትሄድ ጀርባዋ ይቸኩል ነበር።

መጋቢት 10፣ ሐሙስ

መምሬ ዘንድ ሄድኩ። ወሬው መውጣቱን፣ የኩልመስክ ሰዎች ደግሞ ቅዳሜ ገበያ ውለው እዚያው ካሴ ቤት እንደሚያድሩ ነገርኳቸው። ደስታ ደግሞ እራት አቅርባ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። እሑድ እሳቸውም ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቀመጣሉ። የምለምናቸው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እኔ ነኝ የፈቀድኩላት ይበሉልኝ። ከተጠየቅኩ እናገራለሁ አሉ። መስቀል ተሳልሜ ወጣሁ።

አራት ጊዜ ብቻ በላሁ።

መጋቢት 13፣ እሑድ፣ ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ

እንዳለ ልጻፈው።

መ/ጌታ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ገቡ። ካሴና መምሬ አዲሱ ከኔ ወገን። አስካለ እግራቸውን አጥባ ወደ ጓዳ ገባች፤ መጋረጃው ሲነቃነቅ ይታየኛል። ሽሮው ቀረበ፣ ተልባው ቀረበ። ተበላ። ከዚያ መ/ጌታ እጃቸውን ታጠቡና በቀስታ ጠየቁኝ።

«ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ በሁዳዴ ይገድፋሉ የሚል ወሬ ሰማን። ውሸት ነው ቢሉን ደስ ይለናል።»

«እውነት ነው። ሕመም ነው። በፈቃድ ነው የምበላው።»

«በማን ፈቃድ?»

መምሬን አየኋቸው። ጭራቸውን ከቀኝ ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ። በንስሐ አባትና በንስሐ ልጅ መካከል ያለ ነገር አይወጣም አሉ። አባቴ፣ ባለጉዳይዋ እኔ ነኝ፣ ይናገሩ ፈቅጃለሁ አልኩ። ያንቺ ፈቃድ አይበቃም አሉኝ። ሰዉ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። የጠነከሩ አባት መስለው ታዩ። የበላሁበት ፈቃድ የሳቸው ነበር።

የሆስፒታሉን ወረቀት አወጣሁ። በባዕድ ፊደል የተጻፈ ነው። መ/ጌታ ማኅተሙን አይተው፣ አጥፈው መለሱልኝ። ጠባሳው ከደረቴ ሥር እስከ እንብርቴ ነው፤ ለሽማግሌ የሚታይ ቦታ ላይ አይደለም።

ክፉ ሰው አይደሉም፤ አልተቆጡም። ልጃቸው ነገ ታቦት የሚሸከም ነው፤ የአማቱ ስም በገበያ መነሳት የለበትም አሉ። የቀረውን አምስት ሳምንት እንደ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጹም፣ ከፍስክም ልራቅ፤ ለፋሲካ ተመልሰው ቀን ይቆርጣሉ። ካልሆነ ቃሉ ይፈርሳል።

ከወጡ በኋላ አስካለ ከመጋረጃው ጀርባ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። እግሬ ሥር ተቀመጠች።

«እማዬ፣ አምስት ሳምንት ነው። ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን ብዪ።»

እሞክራለሁ አልኳት።

መጋቢት 14፣ ሰኞ

ቆጠራ፦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ዋለ፤ ደስታ ሁለት ጊዜ አልፋ ሁለት ጊዜ አየች። በዘጠኝ ሰዓት ከአስካለ ጋር ቀረብኩ። ሩብ እንጀራ በሽሮ። ረሃብ አስቸኮለኝ፣ ጨመርኩ። ወጣ። ሁሉም።

መጋቢት 15፣ ማክሰኞ

እንደ ትናንቱ። ሰም ስመዝን ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ገዢው እየሳቀ አረመኝ። እኔ ሚዛን ላይ ተሳስቼ አላውቅም።

መጋቢት 16፣ ረቡዕ፣ ማምሻውን

ሰባት ሰዓት ላይ ለጧፍ የሚሆን ሰም ላነሳ ስል ወደቅኩ። ግንባሬን የባስኩላው ጠርዝ መታው። ስነቃ ሱቁ ሰው ሞልቶታል። ሮጣ ማር በጥብጣ ያመጣችው ደስታ ናት፤ ራሴን ይዛ አንድ ኩባያ ሙሉ አጠጣችኝ። በደግነት ነው። አፌን ልዘጋ አቅም አልነበረኝም። ለመቆም ስሞክር እንደገና ወደቅኩ። ላብ፣ የልብ ድልቅታ፣ ሁሉም ተመለሰ። የማርያም እርግማን ነው የምትል ሴት ሰማሁ። ድምፅዋን ለየሁት፤ ደንበኛዬ ናት።

አስካለ ሰዉን አስወጥታ ቀሚሴን ልትቀይርልኝ ገለጠችኝ። ጠባሳውን ያየችው ዛሬ ነው። አለቀሰች፣ ደሜን አጠበች፣ ወተት አሞቀችልኝ። ጠጣሁ፣ ጥቂት ጥቂት። ኩባያውን ስትቀበለኝ ወለሉን እያየች ተናገረች።

«አራት ሳምንት ከምናምን ነው የቀረው እኮ።»

ጻፍኩት እንግዲህ። በሷ ዕድሜ ብሆን እኔም እለው ይሆናል። ቢሆንም ከግንባሬ ይልቅ እሱ አመመኝ።

መጋቢት 17፣ ሐሙስ

ቆጠራ፦ አንድ እንቁላል፣ አራት ጉርሻ። በሩን ከፍቼ፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ። ደስታ እንስራ ይዛ ስታልፍ እንደምን አደርሽ አልኳት። መለሰችልኝ።

ባስኩላው 59 ይላል። ከጾሙ በፊት እሑድ 61 ነበርኩ፤ በሦስት ቀን ሁለት ኪሎ። ለፋሲካ ሠላሳ አንድ ቀን ቀርቷል። ባስኩላው ያገሩ ሁሉ ሚዛን ነው፤ አያዳላም። እስከዚያ ከጾምኩ አስካለ የምትይዘው ሠርግ ሳይሆን ሐዘን ነው፤ በሐዘን ላይ ደግሞ ዓመት ሳይሞላ አትዳርም። እንዲያም ሆነ እንዲህ ሠርጉን አታገኘውም። እኔ በሕይወት ካለሁ ግን የሚነጋገርላት ሰው አላት።

ሰሙን ልከልክላቸው ብዬም አሰብኩ። የኩልመስክ ደብር ጧፍ ከኔ ሰም ነው የሚሠራው። ተውኩት። ከሌላ ይገዛሉ፤ እኔ ገዳፊም ቂመኛም እባላለሁ።

ወደ መምሬ ሄድኩ። ኩልመስክ አብረውኝ እንዲወርዱ፣ ያ ባይሆን በእጃቸው ሁለት መስመር እንዲጽፉልኝ ጠየቅኳቸው። ጉልበታቸውን አሟቸዋል። ዓይናቸውም ደክሟል፤ መጻፍ አይችሉም፤ እንዲህ አሉኝ። ትናንት ማኅሌት ላይ ቆመው እንዳደሩ ልጃቸው ነግራኛለች። መስቀሉን አልተሳለምኩም። ሌላ የንስሐ አባት እፈልጋለሁ፤ ደፋር ከተገኘ።

ስለዚህ ራሴ እሄዳለሁ። መ/ጌታን ቤታቸው፣ ልጃቸው ባለበት እነግራቸዋለሁ፦ እበላለሁ፣ በቀን ስድስት ጊዜ፣ በሩ ክፍት ሆኖ፣ ሁዳዴም ቢሆን። ለልጃቸው የምትገባው ልጄ እንጂ ጨጓራዬ አይደለም። ይህን ሰምተው ቃሉን ካፈረሱ ይፍረስ። ያፈረሱት እነሱ ይሆናሉ።

ለአስካለ ነገርኳት። ጥጥ ትባዝት ነበር፤ ቀና አላለችም። ለመንገዱ የቀበሌውን የይለፍ ወረቀት መቼ እንደማስጽፍ ጠየቀችኝ። ነገ ጠዋት አልኳት። ስሜን አስገቢው አለች። ከኔ ጋር ልትቆም ይሁን ልትለምንልኝ፣ ወይ ልጁን ለመጨረሻ ጊዜ ልታይ፣ አልነገረችኝም። አልጠየቅኳትም።

ነገ፦ በ2 ሰዓት ቀበሌ። የይለፍ ወረቀት፣ ኩልመስክ፣ ሁለት ሰው።