የፉጣው ሎሚ

ጥር 14

ብርድ። ግቢውን ጠረግኩ። ሎሚው ሥር የረገፈውን ቅጠል ለቀምኩ፣ የደረቁትን ጭራሮዎች በመቀስ ቆረጥኩ። እሾሁ አውራ ጣቴን ወጋኝ፣ እንደ ልማዱ። በሶብላው በብርዱ ጠቁሯል። ከነገ ጀምሮ ሲመሽ በጆንያ ልሸፍነው።

ኡም ፈይሰል ወንበሯን ፀሐይ ላይ አስወጥታ ስትቆጣጠረኝ ዋለች። አሮጊቷ ዓይኗ ደክሟል፣ ምላሷ ግን አልደከመም። "ኡም ሀና፣ በግራ በኩል ረስተሻል።" በግራ በኩል ምንም አልረሳሁም። ሃያ ሁለት ዓመት ኡም ሀና ትለኛለች፣ የሀና እናት። ሀናን ያሳደጋት ግን እህቴ ናት፣ ኮምቦልቻ። እኔ እዚህ ዐረብ አገር፣ ሠራተኛ ሆኜ፣ የእሷን ፈይሰል አሳደግኩ።

እሱም ከሰዓት መጣ። ወይን በካርቶን ይዞ። ፍራፍሬ ይዞ ሲመጣ አልወድም። የሚናገረው ነገር አለ ማለት ነው።

ጥር 15

ቤቱ ተሸጧል።

ትናንት ወይኑን እያጠብኩ ነው የነገረኝ። "ኡም ሀና፣ ሸጥነው፣ ኸላስ፣ አለቀ። ፉጣ ሰፈር ውስጥ የቀረነው እኛ ብቻ ነን፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሠራተኛ የሚያድርበት ሆኗል። ሰሜን በኩል አፓርታማ ይዘናል። አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት አለው። ላንቺም ክፍል አለሽ።"

"ዛፉስ?" አልኩት።

"የቱ ዛፍ?"

በአሥራ አንድ ዓመቱ ከዛፉ ወድቆ ክንዱን ሲሰብር በጀርባዬ ያዘልኩት ልጅ... የቱ ዛፍ ይለኛል።

"የገዛው ሰውዬ ሁሉንም ያፈርሳል። ሱቅ ሊሠራበት ነው።"

የሚያስረክቡበትን ቀን ወደኛ ቆጠራ መለስኩት። ግንቦት 24።

ጥር 17

እንቅልፍ የለኝም፣ መቀመጥም የለኝም። ኩሽና እገባለሁ፣ ግቢ እወጣለሁ። ምን ፈልጌ እንደወጣሁ ይጠፋኛል።

ፍሬውን የቀበርኩት እኔ ነኝ። በመጣሁ በዓመቱ፣ ለሰላጣ ከጨመቅኩት ሎሚ አንዷን ፍሬ ደብቄ። ለምን ደበቅኳት? የሚከለክለኝ አልነበረም። በድልህ ቆርቆሮ አበቀልኳት። ክንዴን ስታክል ከአየር ማቀዝቀዣው ውሃ የሚንጠባጠብበት ቦታ አዞርኳት። ስምንት ዓመት ቆይታ አፈራች። ከዚያ ወዲህ የኡም ፈይሰል ሎሚ ተባለች። ጎረቤት ሁሉ "የኡም ፈይሰልን ሎሚ ላኩልን" ይላል። ማን ያጠጣታል ያለ የለም።

ከዚህ ቤት ሌላ ምንም አልፈልግም። ይሄን ዛፍ እፈልጋለሁ። ግን የዚህን ዕድሜ ዛፍ ማን ነቅሎ ይሸከማል?

ይሄን ደብተር እዚህ ቤት ማንም አያነበውም፣ ስለዚህ እጽፋለሁ። ፊደል ያስቆጠረችኝ ያገሬ ልጅ ተዋበች ናት፣ በሃምሳ ሦስት ዓመቴ፣ አርብ አርብ፣ ጉበይራ ሰፈር፣ አበሾቹ በተከራዩት ግቢ፣ ክፍሏ ውስጥ። ከዚያ በፊት ሆዴ ውስጥ ነበር የምጽፈው።

ጥር 22

መሐሙድ አፈር አመጣ። ሱዳናዊ ነው፣ ችግኝ የሚሸጡበት ቦታ ይሠራል። ስንት ዓመት ፍግና አፈር ያመላልስልኛል። ነገሩን ነገርኩት። ዛፉን ዞሮ አየው።

"ትንሽ ቅርንጫፍ ምረጪ። አትቁረጪው። እዚያው እንዳለ ልጣጩን እንደ ቀለበት ዙሪያውን አንሺለት። በእርጥብ የኮኮናት ቃጫ ሸፍነሽ በላስቲክ እሰሪው። ሥር ያወጣል። ያኔ ቆርጠሽ ትተክይዋለሽ። ዛፉ ራሱ ነው፣ ሌላ ዛፍ አይደለም።"

"መቼ ነው የምጀምረው?"

"አዲስ ቅጠል ማውጣት ሲጀምር። አሁን ተኝቷል። አንቺ ባትተኚም እሱን ተይው ይተኛ፣ ኡም ሀና።"

ጥር 27

አልቻልኩም። ዛሬ አንዱን ቅርንጫፍ ላጥኩት። በምላጭ፣ ቀስ ብዬ። ቃጫውን ጠቀለልኩ፣ በላስቲክ ጠመጠምኩ፣ ላዩን በፎይል። የጥፍር ስፋት ብቻ ነው የላጥኩት።

የካቲት 12

ጾም በጾም ላይ። እኛ ሁዳዴ ከያዝን አራተኛ ቀናችን፣ እነሱ ረመዳን ሁለተኛቸው ነው። እኔ በሽሮ እየጾምኩ ለነሱ የሥጋ ሳምቡሳ እጠብሳለሁ። ጨው መቅመስ አልችልም፣ አሮጊቷም አትችልም። ማታ በዛ ብላ ጮኸችብኝ። አንቺ ቅመሺልኛ አልኳት። ሳቀች። ከሳቀች ቆይታ ነበር።

ቃጫው እንዳይደርቅ በመድኃኒት መርፌ ውሃ እወጋዋለሁ። አየችኝ፣ ወይም ጥላዬን አየች።

"ዛፉን መርፌ ትወጊዋለሽ? ታሟል?"

"አዎ፣ ታሟል።"

"አላህ ይማረው" አለች።

በቀን ስንት ጊዜ ነው የምነካካው? አሥር? ብተወው ይሻላል። አልተወውም።

የካቲት 28

ፈታሁት። ምንም። ሥር የለም። የላጥኩበት ቦታ ራሱ የለም፣ ልጣጩ ከላይና ከታች ተሳስቦ ገጥሟል።

መሐሙድን በስልክ ጠራሁት። መጥቶ አየና ሳቀ፣ እየጾመ እንኳ ሳቀብኝ። "ይሄን የጥፍር ስፋት ቆርጠሽ? ወላሂ ይሄ መቁረጥ አይደለም፣ ማከክ ነው! አረንጓዴውን አልፋቅሽውም። የምግቡ መንገድ ክፍት ከሆነ ምን ቸግሮት ሥር ያወጣል? ራርተሽለታል፣ ኡም ሀና።"

ራርተሽለታል። ጉበይራ ያሉት ሴቶች ክፉ ናት ይሉኛል፣ ከጀርባዬ። ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን? ክፋቴ ለዛፍ አልበቃ አለ።

አንድ ወር ሙሉ ባከነ።

የካቲት 30

ትናንት እንደገና ላጥኩ። ሦስት ቅርንጫፍ። ሁለት ጣት ስፋት። አረንጓዴው አልቆ ነጩ እስኪታይ ፋቅኩት፣ በጨርቅ አሸሁት፣ አንድ ቀን ለነፋስ ተውኩት። ዛሬ አሰርኩ። አሁን አዲስ ቅጠል እያወጣ ነው፣ መሐሙድ ያለው ጊዜ ይሄ ነበር።

ሰማንያ አራት ቀን ቀረኝ። ስልሳ ይበቃል ብሏል፣ ሙቀቱ ካልቀደመው።

መጋቢት 11

ዒዳቸው። ሠላሳ ሰው። ከንጋት ጀምሬ ቆሜ ዋልኩ። እንግዶቹ ሎሚውን እየጨመቁ "የኡም ፈይሰል ሎሚ ልዩ ነው" ይላሉ። አሮጊቷ አንገቷን ትነቀንቃለች።

የፈይሰል ሚስት ሪም ልጆቿን ዛፉ ሥር ፎቶ ልታነሳ ወጣች። "ይሄን ቆሻሻ ፌስታል ማን ሰቀለው?" ስትል ከኩሽና ሰማሁ። ትሪ ይዤ ነበር። ትሪውን አስቀምጬ እስክደርስ አንዱን ቅርንጫፍ ጠምዝዛ ሰብራዋለች።

"ወላሂ አላወቅኩም፣ ኡም ሀና። ሌላ ዛፍ እገዛልሻለሁ።"

ሌላ ዛፍ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ከቆሻሻ ውስጥ አውጥቼ ፈታሁት። ከተላጠው ቦታ ላይኛው አፍ ላይ ሥሩ ነጭ ነጭ ነጠብጣብ መስሎ ጀምሮ ነበር። ጀምሮ ነበር እኮ!

ሁለት ቀሩ።

ሚያዝያ 4

ፋሲካ። ጉበይራ፣ ተዋበች ጋ። ዶሮ ሠርታለች፣ ብዙ አልበላሁም። ሀና ደወለች። "እንኳን አደረሰሽ፣ እማዬ።" ሎሚውን ነገርኳት፣ ሌላ ምን አለኝ? ብመለስ እዚያ የምተክለው ዘር አገኝ እንደሆነ፣ በቤቴ ግቢ፣ ከመታጠቢያው አጠገብ...

"ግቢውን ሲሚንቶ አስደፋነው እኮ። ጭቃው አስቸገረን። አልነገርኩሽም? ሎሚማ ገበያ ሞልቷል።"

የኔ ቤት፣ የኔ ግቢ። አልነገረችኝም።

ስልኩን ስዘጋ ተዋበች ፊቴን አይታ፣ "እትዬ የውብዳር፣ ሥር ካወጣ እዚህ አምጪው። ግቢያችን ፀሐይም ጥላም አለው። ማርታ አገሯ ስለገባች ክፍሏም ባዶ ነው" አለችኝ።

"ክፍሉን ምን ያደርግለታል? የምትጠሪው ዛፉን ነው እኔን?"

"ሁለታችሁም እሾህ ናችሁ፣ ምን ልዩነት አለው?"

ልቆጣት ነበር። ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ሳቅ ሆነብኝ።

ሚያዝያ 19

ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አቧራ። ሰማዩ ቢጫ፣ ነፋሱ የምድጃ አፍ። በመንገድ በኩል ያለው ቅርንጫፍ ዛሬ ጠዋት ቅጠሉ ተጠቅልሎ ተገኘ። ውሃ ወጋሁት። ከሰዓት ሲነኩት ይሰበር ነበር።

አንድ ቀረ። ጥላ በኩል ያለው። አንሶላ ነክሬ ጋረድኩት። በየሰዓቱ ነከርኩት። አሮጊቷ ምሳዋ ዘገየባትና ጮኸች። ትጩኽ።

ሚያዝያ 26

ሥር። ላስቲኩን ገፍቶ ይታያል። ነጭ፣ የክር ያህል። አራት ቆጠርኩ።

ለማንም አልነገርኩም።

ግንቦት 6

ስልሳ ስድስተኛ ቀኑ። ከጥቅሉ በታች በመጋዝ ቆረጥኩት። ቅጠሉን በግማሽ ቀነስኩ፣ መሐሙድ እንዳለው፣ ሥሩ ትንሽ ስለሆነ ያን ሁሉ ቅጠል አይቀልብም። የዘይት ቆርቆሮ ታቹን በስቼ ተከልኩበት። ኩሽናው ጥግ ጥላ ውስጥ አስቀመጥኩት። ክርኔ ድረስ ይደርሳል።

ቁጭ ብዬ አየሁት። ቁጭ አልኩ! ከተቀመጥኩ ስንት ወር ሆነኝ?

ግንቦት 13

ፈይሰል ዕቃ ሊያስመዘግብ መጣ። የሚሄደው ይሄ፣ የሚጣለው ያ። ቆርቆሮውን አየ።

"ማሻአላህ! ይሄ ሎሚው ነው? አያችሁ፣ ኡም ሀና አሰበችበት። በረንዳ ላይ እናደርገዋለን። የእናቴ ሎሚ አብሯት ይሄዳል።"

አሮጊቷ ሰማች። "የተከልኩት አባትህ የሞተ ዓመት ነው" አለች። "በእጄ ነው የተከልኩት። መሬቱ ድንጋይ ነበር።"

ፊቷን አየሁት። አልዋሸችም። እንደዚያ ነው የምታስታውሰው፣ ድንጋዩን ሳይቀር። ድንጋዩን የቆፈርኩት እኔ ነኝ፣ በሾርባ ጭልፋ... እሷ ያኔ መስኮት ላይ ቆማ ነበር። ከእሷ ጋር መከራከር ምን ይሆናል?

ወደ ፈይሰል ዞርኩ። "ይሄ የኔ ነው" አልኩ።

"እንዴታ፣ ያንቺም ነው፣ የሁላችንም..."

"የኔ ነው። በረንዳ ላይ አይወጣም። እኔም አራተኛ ፎቅ ላይ አላድርም።"

ወረቀቱን አጠፈው። ከፊሌ፣ ዋሴ ማለት፣ እሱ ነው፤ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በስሙ ነው። አንድ ቃል ቢናገር ወደ አገሬ ነኝ፣ ሲሚንቶ ወደፈሰሰበት ግቢ። ቃሉን እስኪናገር ጠበቅኩት።

"እናቴስ?" አለ። ድምፁ የልጅ ሆነ።

"ጠዋት እመጣለሁ። ራቷን አብልቼ እሄዳለሁ። አርብ አልመጣም።"

"አርብ ምን ታደርጊያለሽ?"

"አጠጣለሁ።"

ሊስቅ ጀመረና እኔ እንደማልስቅ አየ። አሳዳጊው ነኝ፣ ፊቴን ያውቀዋል። "ጠይብ" አለ ወደ መሬት እያየ፣ እሺ ማለቱ ነው። "እንደፈለግሽ።"

እንዲህ ቀላል ነበር? ሃያ ሁለት ዓመት?... አይ። ቀላል አልነበረም።

ግንቦት 24

ዕቃው ተጫነ። ቤቱ ባዶ ሲሆን ያስተጋባል። መሐሙድ በመኪናው ቆርቆሮውንና እኔን ጉበይራ አደረሰን። ከመውጣቴ በፊት ትልቁን ዛፍ አጠጣሁት። ነገ ለሚቆረጥ ዛፍ ውሃ... ሞኝ ሴት። አጠጣሁት ግን፣ እስኪጠግብ።

ሐምሌ 9

እሳት። በሁለት አውቶቡስ አሮጊቷ ጋ ሄጄ በሁለት አውቶቡስ እመለሳለሁ። እግሬ ያብጣል። ተዋበች ቀን ቀን ቆርቆሮውን ከጥላ ወደ ጥላ ታዞርልኛለች። አምስት ቅጠል ረግፏል። ግንዱን በጥፍሬ ጫር አደረግኩት፣ ውስጡ አረንጓዴ ነው።

መስከረም 15

አርብ። ሙቀቱ ሰበር አለ። ሰባት አዲስ ቅጠል። ከቆርቆሮው አውጥቼ ግማሹን በቆረጥኩት በርሜል ተከልኩት።

አሥር ሰዓት ላይ በር ተንኳኳ። ፈይሰል። ከኋላው እናቱ፣ በከዘራ። "ከጠዋት ጀምሮ ኡም ሀና የት አለች ትላለች። አርብ ነው ብላት አልሰማ አለች። ትንሽ ትቀመጥ፣ እባክሽ።"

ፈቃድ ጠየቀኝ፣ በራፌ ላይ ቆሞ። ግቡ አልኳቸው። ተዋበች ወንበር አወጣች፣ እኔ ውሃ ቀዳሁ። አሮጊቷ ውሃውን ይዛ እንደ እንግዳ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ጎንበስ ብላ አሸተተች።

"ሎሚ አለ እዚህ።"

"አለ።"

"እኔም ነበረኝ አንድ።"

"አውቃለሁ" አልኳት።

ፈይሰል ስልኩን ያይ ነበር። እጇን ዘርግታ በዳበሳ ግንዱን አገኘችው፣ ወደ ላይ ወጣች፣ ከአዲሶቹ ቅጠሎች አንዷን በጣቶቿ ያዘች፣ ልትቀነጥሳት።

"ተይው፣ ገና ነው" አልኳት።

ተወችው።