ስድስት ሜትር ስለሚሰፋው ጉም

ለተከበሩ ዶክተር ላምበርት ፋን ሄይዘን
የከተማችን ሙዚየም ዳይሬክተር
ኦስተርዚይል

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎና ባልደረቦችዎ በሙሉ ጤና ላይ ሳላችሁ፣ የሙዚየሙም ጣሪያ ማፍሰሱን አቁሞ እንዲደርሳችሁ ከልብ እመኛለሁ።

እኔ ቲትስከ ቦንስትራ እባላለሁ፤ ባሌ የሞተብኝ የሰባ ስምንት ዓመት ሴት ስሆን በሙዚየምዎ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወለል ስወለውል ኖሬያለሁ። ባለፈው ማክሰኞ «ማለዳ በጀልባ መሻገሪያው» የተባለውን ዝነኛ ሥዕላችንን በብርሃንና በሙዚቃ አሳድጋችሁ በአራቱም ግድግዳ የምታሳዩበትን አዳራሽ ጎብኝቻለሁ። ስለ መስተንግዶው እያመሰገንኩ ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

1. ወለሉ ላይ ውኃ የሚመስል ብርሃን ስለለቀቃችሁ፣ እንዳልረጥብ ቀሚሴን ሰብስቤ ተሻገርኩ። ሞኝነቱ የእኔ ነው፤ ቢሆንም ሰው ፊት አዋርዳችሁኛል።

2. በእውነተኛው ሥዕል ግራ ጥግ የመዳፍ ያህል የደበዘዘ ቦታ አለ። እናንተ ስድስት ሜትር አድርጋችሁት፣ ቫዮሊን ጨምራችሁበት፣ ተራኪው «ሠዓሊው በዕድሜው ማብቂያ የደረሰበት ረቂቅ ጉም» ብሎ በሚያምር ድምፅ አብራራልን። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ማልቀስ ጀመረች፤ ባሏ ምን ሆንሽ ቢላት፣ «ዝም በል አንተ፣ እንዲህ የሚሠራ እጅ ዛሬ የት ይገኛል?» አለችው። እጁ አጠገቧ ነበር፤ ጓንቴ ውስጥ።

3. ጉሙን የሠራሁት እኔ ነኝ። የዛሬ ሠላሳ ስድስት ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሙዚየሙ ሳይከፈት፣ ዝንብ ሥዕሉ ላይ የተወችውን ነጥብ አየሁ። እኛ አገር ሴት የደጃፏን ድንጋይ ሳይቀር የምታጥብ ናትና አይቼ ማለፍ አቃተኝ፤ የቤቴን መስኮት የማጥብበትን አረንጓዴ ሳሙና በስፖንጅ አድርጌ አሸሁት። ነጥቡ ለቀቀ። ከሥሩ የተሳለው ሸምበቆም አብሮ ለቀቀ።

ያኔ ሙዚየምዎ ይህንኑ ጉም «ከባድ ጉዳት» ብሎ፣ በዚያው ወር ሥዕሉን ሲጠግን የነበረውን ባለሙያ ዊበ ሁክስትራን አባረረው። ባሌ፣ «ማንም አላየሽም፣ ዝም በይ» አለኝ፤ እኔም ታዘዝኩት፤ በሌላ ነገር ታዝዤው አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ምን እንዳጠፋሁ ለማወቅ ከቤተ መጻሕፍታችን ስለ ሥዕል ያልተዋስኩት መጽሐፍ የለም። ዛሬ ጥፋቴን በስድስት ዓይነት የሙያ ቃል ልገልጸው እችላለሁ፤ ለዊበ ግን በአንዱም አልነገርኩትም። እሱ ጀልባ እየቀባ ኖረ፤ ዓሣ ገበያ ባገኘኝ ቁጥር ባርኔጣውን አንሥቶ፣ «ወይዘሮ ቦንስትራ፣ ደኅና ነዎት?» ይለኛል።

እንግዲህ ሰው ያባረራችሁበትን ጉዳት፣ ትኬት የሚቆረጥበት ጥበብ ስላደረጋችሁልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ዝግጅቱ ወደ ሌሎች ከተሞች ከመሄዱ በፊት፣ ጉሙ የጽዳት ሠራተኛዋ የቲትስከ ቦንስትራ ሥራ መሆኑን፣ ዊበ ሁክስትራም ምንም እንዳላጠፋ ተራኪው በዚያው በሚያምር ድምፁ ይናገር። ቫዮሊኑ ይቅር አልልም።

እጄን ከሥዕሎቻችሁ አርቄ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ የማይገባኝን አድናቆት ሁሉ በክብር እየመለስኩ፣

የረቂቁ ጉም ሠዓሊ
ቲትስከ ቦንስትራ

ተጨማሪ፦ ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ከመላኬና ቅጂውን ለከተማችን ጋዜጣ ከመስጠቴ በፊት ለዊበ አስነብቤዋለሁ። ሁለት ጊዜ አነበበው። ይቅርታ አላደረገልኝም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን አንቺ ብሎ ጠራኝ፤ «በእርሳስ እንዳትፈርሚ፣ ነገ ታጥቢዋለሽ» አለኝ። በእስክሪብቶ ፈርሜያለሁ። የእርስዎም መልስ እንዲሁ በእስክሪብቶ ተፈርሞ እንዲደርሰን ሁለታችንም እንጠብቃለን።