ከማዶ የተወጠረው አቡጀዲ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእታለም አሰበች፤ ካርቱም። እንዴት ከርመሽልኛል? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? ያገሩ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ልጅሽ አገኘሽስ ዐረብኛውን ለመደች? እኔ ውባንተና ታናሻችን ደምለው ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ወባውም በዚህ ወር ምሮናል።

ይህን ደብዳቤ ለፖስታ አላመንሁትም። እንግሊዞቹ ይከፍቱታል ይባላል፤ እነሱ ባይከፍቱትም የሚያመላልሰውን ሰው አላውቀውም። ስለዚህ ወደ እናንተ ለምትመጣው ነጋዴ ለመጂዳ በእጇ ሰጠኋት። እሷንም ቢሆን ያመንኋት የኛን ፊደል ስለማታነብ ነው። አንብበሽ ስትጨርሺ አቃጥዪው።

አዲስ አበባ ሳለን ሲኒማ እንሄድ የነበረውን መቼም አትረሺውም። የነፍስ አባታችን የሰይጣን ሥራ ነው እያሉ ይገዝቱን ነበር፤ እኛ ግን የተጠበሰ ሽምብራ ቋጥረን በጓሮ በር እንወጣለን። ፈረሱ ወደ እኛ ሲጋልብ አንቺ ነጠላሽን ተከናንበሽ በስሱ ታዪ ነበር። ያ ጎርናና አስተርጓሚ ደግሞ ሰዎቹ ያላሉትን ሁሉ ከራሱ እየጨመረ ያስቀን ነበር። ተሰድጄ ገላባት ከገባሁ ወዲህ እንደዚያ የናፈቀኝ ነገር የለም። ሰው አገሩ ተይዞበት ሲኒማ ናፈቀኝ ይላል ወይ ብዬ ለማንም አልተናገርሁም።

በኅዳር፣ ሰሊጡ ተራግፎ ሲያበቃ፣ ከወንዙ ማዶ መተማ ገበያ ላይ አንድ የጣሊያን ካሚዮን መጣ። ሁለት ግንድ ተክለው ነጭ አቡጀዲ ወጠሩ፤ ሲመሽ ሲኒማ በነጻ አሳዩ። እኔ ከገላባት ጉብታ ላይ ሆኜ በጀርባው በኩል አየሁት። አቡጀዲው ላይ ያለው ሰው የጣት ያህል ነው፤ በጀርባ ስለሚታይም ሁሉም ግራኝ ሆኖ በግራ እጁ ይበላል። ልቤ ተሻገር ተሻገር አለኝ። ግን ጠረጠርሁ። አገራችንን በመርዝ ጢስ የፈጀ ሰው ምን አስቦ ነው በነጻ የሚያጫውተን? አቡጀዲውንስ ስደተኛው በሚያይበት በኩል ለምን ወጠረው? ወንዙ ዳር የሚቆመው ዘበኛስ በዚያ ማታ የት ሄደ?

ደምለው ግን ተሻገረ። ሥራውን ታውቂያለሽ፤ አርማጭሆ ጫካ ላሉት አርበኞች ጥይት የሚያደርሰው እሱ ነው። ጣሊያን ስሙን ሰምቶ ይፈልገዋል፤ መልኩን ግን አያውቅም። ማንም አልጠየቀኝም ብሎ ተመለሰና ጥላህን ትፈራለህ እያለ ሳቀብኝ። አንድ ነገር ብቻ ነገረኝ። ፀሐይ ሳለች አንድ ጣሊያን ሦስት እግር ባለው ሣጥን አጮልቆ ሰዉን እያየ እጀታ ያዞር ነበር አለኝ።

ባለፈው ሳምንት ካሚዮኑ ተመልሶ መጣ። በዚህ ጊዜ አቡጀዲው ላይ የታዩት ራሳቸው ገበያተኞቹ ናቸው። መልኩን በውሃ እንጂ በሌላ አይቶ የማያውቅ ሰው ራሱን ሲሄድና ሲስቅ አየ። ፊት ብቅ ባለ ቁጥር ሰዉ በእልልታ ስሙን ይጠራል። ያቻትና ጠላ ሻጯ ካሰች ይላል፤ ያውና ባለሱቁ ኸሊል ይላል። የደምለው ፊት ሲመጣም የሚያውቁት ሁሉ በደስታ ከነአባቱ ስም ጠሩት። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይህ ነው። ከጣሊያኖቹ ጋር የመጣው አስተርጓሚ በዚያ ማታ ለሕዝቡ አንድም ቃል አልተናገረም፤ መኮንኑ አጠገብ ቆሞ በጆሮው ያንሾካሹክ ነበር።

ይህን ሁሉ የነገረኝ ደምለው ራሱ ነው፣ ያውም በኩራት። ስምህና መልክህ ተገናኙ ብዬ ብነግረው ቅናት ነው አለኝ። ሲኒማው ናፍቆህ መሻገር ስለፈራህ ነው አለኝ። ግማሹ እውነት ነው። ቢሆንም ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

አሁን ኸሊል ወዲህ ሲሻገር፣ ካሚዮኑ ለቅበላ ይመጣል፣ ለደምለውም ከፊት ወንበር ይያዝለታል እያለ ያወራል። ኸሊል የሰማውን ብቻ ይሆናል የሚያወራው፤ እሱን ማን ነገረው ነው የኔ ጥያቄ። ለስደተኛ ወንበር የሚይዝ ጣሊያን አይቼ አላውቅም። ደምለው ግን ነጭ ልብሱን አሳጥቦ እየጠበቀ ነው። እኔን አይሰማም። አንቺ ግን አዝለሽ ያሳደግሽው ነሽና ቃልሽን አይጥስም። እታለም፣ እፈራለሁ። በእናታችን አፅም ገዝተሽ ጻፊለት፤ ከቅበላ በፊት ይድረስ።

አገኘሽን ዓይኗን ሳሚልኝ። ለባለቤትሽ ለገብረማርያም በጤና ይቆዩኝ በይልኝ። ቤት ላከራየቻችሁ ለሐቢባም ሰላምታዬ ይድረሳት። ግዝቱን ስትጽፊ የደምለውን ስም ብቻ አታድርጊ፤ የኔንም አብረሽ አግቢ። ከጣሊያኑም ከኸሊልም ይልቅ የማላምነው የራሴን እግር ነው።

ወንድምሽ ውባንተ
ገላባት፣ ጥር ፲፰ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.