ፊት የማይለዩት አባታችን

ውድ እትዬ ኤራን፣

ስልክ ብደውል ገና «አባባ» ስል ትዘጊብኛለሽ፤ ወረቀት ግን ቢያንስ እስኪቀደድ ድረስ ይናገራል። እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢኝ፣ የምሥራች ነው። ከትናንት ጀምሮ መቀመጫ አጥቻለሁ። የድልህ ጋኖቹን ከፍቼ አያለሁ፣ እዘጋለሁ፣ ደግሞ እከፍታለሁ። ባሌ «ኧረ ድልሁን ብርድ መታው፣ ተይው!» እያለ ይስቅብኛል።

ነገሩ የሚጀምረው ከልጄ ከዳሶም ነው። ሕፃን ሳለች ገበያ ውስጥ የማታውቃትን ሴት ቀሚስ ይዛ ስትከተል «ቀልበ ቢስ» እያልን እንስቅባት አልነበር? አድጋም አልተሻላትም። ቾንጁ ከተማ ሥራ ከያዘች ወዲህማ አለቃዋን ሊፍት ውስጥ ሰላም ሳትል እያለፈች «ኩሩ» የሚል ስም አተረፈች። በኋላ የከተማው ዩኒቨርሲቲ ሰው መለየት የሚቸገሩ ሰዎችን ለጥናት ሲፈልግ ሄደች። ፀጉርና ልብሱ የተሸፈነ የፊት ፎቶ እያከታተሉ አሳዩዋት። የእኔም መሀል ገብቶ ነበር። አለፈችኝ! የወለድኳት እናቷን!

«እማዬ፣ ዓይኔም ደህና ነው፣ ትምህርትም ይገባኛል» አለችኝ፤ «ፊት የሚለየው የአእምሮዬ ክፍል ብቻ ነው የሚሰንፈው። ብዙ ጊዜ ከዘር ይወረሳል ብለውኛል። የትኛው ዘረመል እንደሆነ ግን እነሱም ገና አላገኙትም። ከቤተሰባችሁ እንዲህ ያለ ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ።»

እትዬ፣ የማጥበው ጎመን ከእጄ ወደቀ።

የአውቶቡስ ጣቢያው ነገር ነዋ ትዝ ያለኝ! አባባ ያልወደዱትን ሰው አግብተሽ ፑሳን ከገባሽ ከስንት ዓመት በኋላ ልትታረቂ የመጣሽ ቀን። ሊቀበሉሽ ብቻቸውን ሄዱ። አንቺ ያን ረጅም ፀጉርሽን ተቆርጠሽ፣ የከተማ ሴት ሆነሽ ወረድሽ። እንደ ወጋችን ጎንበስ ብለሽ በዝምታ እጅ ነሳሽ፤ አባቷን ያስቀየመች ልጅ እሳቸው ሳይናገሯት አፏን አትከፍትምና። እሳቸውም አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው አለፉሽ። በመጣሽበት አውቶቡስ ተመለስሽ። ማታ በስልክ «ዓይን ዓይኔን እያዩ ካዱኝ» ብለሽ ስታለቅሺ፣ እሳቸው ከወዲያ ተቀምጠው «አልመጣችም፤ እስኪመሽ ጠበቅኳት» ይላሉ። ሁላችንም እልኸኛ ሽማግሌ ዋሹ አልን።

ስለዚህ ትናንት ፈተንኳቸው። የጎረቤቴን የማክሶንን ቀይ ካፖርት ለበስኩ፣ ፀጉሬን ባርኔጣ ውስጥ ከተትኩ፣ ከሽማግሌዎች መዝናኛ ቤት ሲወጡ ጠብቄ ፊት ለፊታቸው እጅ ነሳሁ። ትንፍሽ አላልኩም።

«ደህና ይዋሉ እመቤት። ቅጠሉ ያንሸራትታል፣ ይጠንቀቁ» ብለው እልፍ! በየቀኑ ሾርባ የማቀርብላቸውን እኔን!

«አባባ!» ብዬ ስጮህ ዘለሉ።

«አንቺ ቦንሱን! የማንን ካፖርት ሰርቀሽ ነው?»

«ቆይ ቆይ፣ አባባ ሰው የሚለዩት በምንድን ነው?»

«በድምፁ ነዋ! በአረማመዱ። ሌላ በምን ይለያል? ፊት እንደሆነ ሁሉም ፊት ነው፣ ሁለት ዓይን አንድ አፍንጫ።»

ይገርምሻል፣ ይኸን ሁሉ ዘመን ሰው ሁሉ እንደሳቸው የሚያይ ይመስላቸው ነበር። የዳሶምን ነገር አንድ በአንድ ነገርኳቸው። መጀመሪያ «የልጅ ወሬ» አሉኝ። ከዚያ ከአጥሩ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።

«ያን ቀን» አሉ፣ «አንዲት ፀጉሯ አጭር የሆነ ሴት እጅ ነሳችኝ። እጅ አነሣሷ ደስ የሚል። የማን ልጅ ትሆን፣ አባቷ የታደለ ነው ብዬ አለፍኩ።» ቀና ብለው አዩኝ። «ኤራን ነበረች?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

ከዚያ ወዲህ እሳቸውም እንደኔ መቀመጫ የላቸውም። የሰማንያ ዓመት ልደታቸው ድግስ በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያው እሑድ ነው። «እኔ ራሴ ጣቢያ ሄጄ እቀበላታለሁ» ብለዋል። አብሬ ልሂድ ብላቸው «ልጄን ሰው አያስተዋውቀኝም!» ብለው ተቆጡኝ። ዛሬ ጠዋት ግን ጋኖቹ ዘንድ መጡና ክዳን እንደሚያስተካክል ሰው ሆነው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ደግሞ ባልፋትስ?» አሉኝ። አባባን ፈርተው አይቼ አላውቅም፣ እትዬ።

ስለዚህ ታናሽ ታላቋን ማዘዝ ከቻለች እንዲህ ብዬ አዝሻለሁ። ከአውቶቡሱ ስትወርጂ ወጉን እርሺው። ጎንበስ አትበይ፣ እጅ አትንሺ፣ እስኪናገሩሽም አትጠብቂ። ሰዉ «ምን ዓይነት ስድ አደግ ናት» ይበል። ገና ከመኪናው በር ላይ ሆነሽ «አባባ!» ብለሽ ጩኺ።

ጆሯቸው ደህና ነው።

ታናሽሽ ቦንሱን