ሳልፈታ የገጠምኩት ቴስታታ

ጥቅምት 11
የሀጂ አብዱልጀሊልን ሚኒባስ ቴስታታ፣ የሞተሩን የላይ ክዳን፣ አወረድኩ። ቤንዚን ሰልፍ ላይ እየዋሉ ከመርሳ ግራና ሁለት ምልልስ እንኳ አልሠሩም። በሲሊንደር ወደሚሞላው ጋዝ ቀይርልኝ አሉኝ። ይቀየራል። ግን ጋዝ ደረቅ ነው፤ ቫልቮቹ የሚያርፉበትን መቀመጫ ለስላሳ ብረት ከሆነ ይበላዋል። የዚህ ሞተር ደግሞ አሮጌ ነው። የአራተኛው የጭስ ቫልቭ መቀመጫ ዳሩ ተሸርፏል፣ የሩዝ ፍሬ ታክላለች ሽራፊዋ።
ስምንት ጠንካራ መቀመጫዎች ከአዲስ አበባ መጥተውልኛል። ሁለት ወር ጠብቄ! ነገ ወልድያ፣ ለደጀን።

ጥቅምት 12
ደጀን ቶርኖ ቤት ዋልኩ። አሮጌዎቹን አውጥቶ አዲሶቹን ይገጥማል፣ የቴስታታውን ፊትም ትንሽ ይልጋል፤ ጋዝ በደንብ ሲታመቅ ነው የሚነደው። "ቫልቮቹንም እኔው ገጥሜ ልላክልህ፣ ምን ያደክምሃል" አለኝ። ጥሩ ነዋ። ሚዜዬ አይደል? በሠርጌ ቀን ዙልፋን ከሲሪንቃ ስናመጣ መንገድ ላይ ጎማ የቀየረው እሱ ነው፣ በነጭ ሸሚዙ። ሚስቴ እስከ ዛሬ ስታነሳው ትስቃለች።

ጥቅምት 17
ቴስታታው መጣ። ታጥቦ፣ ቫልቮቹ ተገጥመው፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ። ያብረቀርቃል። ቫልቮቹን ፈትቼ ከሥር ልየው ይሆን? አሰብኩ... ተውኩት። የሌላ ሰው ሥራ ቢሆን እፈታ ነበር። የሚዜን ሥራ ፈትቶ መመርመር ምን የሚሉት ነው? ቢሰማስ?

ጥቅምት 21
ሞተሩ በጋዝ ተነሳ። ድምፁ ደስ ሲል!
ሀጂ፣ "ልጄ፣ ጋዝ ሞተር ይበላል ይላሉ። መቀመጫ የምትለው በእርግጥ ተቀይሯል?" አሉኝ።
"ወላሂ ተቀይሯል፣ ሀጂ።"
"በቃ፣ ከወላሂ ወዲያ ምን አለ" ብለው ቁልፉን ተቀበሉኝ። ዱዓም አደረጉልኝ። ሌሎች አራት ባለ ሚኒባሶች የሳቸውን እያዩ ነው። ደህና ከሠራ ሁሉም ወደኔ ይመጣሉ ኢንሻአላህ።

ኅዳር 28
ሀጂ ግራና ሲገቡ ዳገቱ ላይ ቆሙ። ያውም በገበያ ቀን። ተሳፋሪው ወርዶ ገፋ። ሰባ ዓመታቸው ነው፣ እሳቸውም አብረው ገፉ አሉ።
ጎትተን መርሳ አመጣነው። ሞተሩ ጉልበት የለውም፤ ቫልቮቹ አይዘጉም። ምን ነካው? ጋዙን አብዝቼበት ይሆን? መቼም አንድ ነገር አጥፍቻለሁ...

ኅዳር 29
ፈታሁት።
አራተኛው ላይ ያቺ ሽራፊ አለች። ያቺው ራሷ።
አልቀየረም። አንዱንም! አሮጌዎቹን አሻሽቶ ነው የላከልኝ። ለዚህ ነው ቫልቮቹን ራሱ የገጠማቸው... እንዳላይ።
ዙልፋ ምሳ ይዛ መጣች። "ምን ሆንክ?" አለችኝ። ከቴስታታው አጠገብ ቁጭ ብዬ ዋልኩ።

ታኅሣሥ 1
ወልድያ። ደጀን ሲያየኝ ገባው። እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፣ ይጠርጋል...
"መቀመጫዎቹ የት ናቸው?"
"ሚስቡ፣ ስማኝማ..."
"የት ናቸው?"
"ወንድሜ መኪና ውስጥ። እሱም ወደ ጋዝ እየቀየረ ነበር፣ ቸኮለብኝ። ያንተው ትንሽ ይቆያል፣ እስከዚያ ሌላ አስመጣለሁ ብዬ ነው።"
"እኔ'ኮ ሀጂ ፊት ምዬበታለሁ!"
"እኔ ማል ብዬሃለሁ እንዴ?"
ማል ብዬሃለሁ እንዴ። እንዲህ አለኝ፣ ሚዜዬ። መርሳ እስክደርስ ጆሮዬ ላይ ነበረች። ተናድጃለሁ ብል ውሸት ነው፤ ከዚያ የባሰ ነው። አፍሬያለሁ፣ እሱን ስላመንኩ።

ታኅሣሥ 2
ለሀጂ ሁሉንም ነገርኳቸው። ደጀን ላይ ብቻ ልጥለው አስቤ ነበር፣ አፌ እምቢ አለኝ። "ሳላይ ነው የማልኩት" አልኳቸው።
"አላወቅክም ልጄ፣ አሏህ ይቅር ይበልህ። እኔ ግን ያንተን ወላሂ ይዤ ሰው ጭኛለሁ" አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።
አራቱ ባለ ሚኒባሶች ሐሳባቸውን ቀየሩ።

ታኅሣሥ 14
ደጀን ሽማግሌ ላከ። ሁለት ከክርስቲያኑ፣ ሁለት ከእኛ። ቤቴ ድረስ የመጣ ሽማግሌ እንዴት እምቢ ይባላል? ይቅር አልኩ። ተቃቀፍን። "አብሽር፣ በራሴ አስመጥቼ እገጥምልሃለሁ" አለኝ።
ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ዙልፋ፣ "አፍህ ነው ይቅር ያለው" አለችኝ። እውነቷን ነው።

ታኅሣሥ 20
ሀጂን መስጊድ በር ላይ አገኘኋቸው። ሰላም አሉኝ። ስለ መኪናው አላነሱም። እኔም።

ጥር 3
ቴስታታው ተሠርቶ መጣ። ይዞት የመጣው ራሱ ደጀን ነው፣ ከወልድያ። ቫልቮቹን አልገጠማቸውም። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ "ይኸው፣ እየው" አለኝ። ሥራው ያምራል። እጁ'ኮ ወርቅ ነው።
ሞረድ አነሳሁ። እሱ እያየ። ለስላሳ ብረት ከሆነ ሞረዱ ይነክሳል፣ ጠንካራው ላይ ይንሸራተታል። የአንደኛውን መቀመጫ ዳር ነካ አደረግኩት፤ ተንሸራተተ። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር... አላቆምኩም። ስምንቱንም አንድ በአንድ ሞከርኩ። ደጀን እጁን አጣምሮ ቆሟል።
"ጨረስክ?" አለኝ።
"ጨረስኩ።"
ሁሉም ጠንካራ ናቸው፣ እንከን የላቸውም። ሻይ እንኳ ጠጣ ሳልለው ሄደ።